ሁለት ኦክሲቴትራሳይክሊን፣ አንድ አልበንዳዞል

ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ ሐይቅ ከተማ ሄጄ፣ አክስቴ ሩቅያ ቤት ብርጭቆ አውጪ ተባልሁ። ብርጭቆዎቹ አልጋ ሥር በምትቀመጥ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ናቸው። ሣጥኗን ጎትቼ ክዳኗን ስከፍት የአዮዲንና የአሮጌ ላስቲክ ሽታ ፊቴን መታኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ብርጭቆ ሲቀመጥባት ኖሮ ሽታው አልለቀቃትም። እዚያው እንደተንበረከክሁ ቀረሁ። አክስቴ ከውጭ «ዘምዘም፣ ብርጭቆውን ልታመጪው ነው ልትሠሪው?» እያለች ትጮኻለች። እኔ ግን ሰባተኛ ክፍል ልገባ የነበረበት ክረምት ውስጥ ገብቼ ነበር።

ሣጥኗ የአባባ ሙሄ ናት። አባባ ሙሄ የአያቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። የሐይቅና የአርዲቦ ዙሪያ ገበሬ ሁሉ «ዶክተር» ይላቸው ነበር እንጂ፣ ሥራቸው የእንስሳት ጤና ረዳትነት ነበር። ጡረታ ከወጡም በኋላ ሰው መጥራቱን አልተወም። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ቁጥብ ነበር። ነጭ ኮፍያቸውን ሳያጠልቁ፣ ከዘራቸውን ሳይዙ ከደጃፍ አይወጡም።

እኔ ያን ዓመት ስድስተኛ ክፍልን ያለፍሁት በግድ ነው። ሌላውስ ይሁን፣ እንግሊዝኛው አሳፋሪ ነበር። እናቴ ጅዳ ትሠራለች፤ እኔ አክስቴ ዘንድ ነኝ። በየጁምዓው በአክስቴ ሞባይል ትደውላለች። ውጤቴን የሰማች ዕለት «አባባ ሙሄ ያስጠኗት። ያንን የመድኃኒት እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው የሰባተኛ ክፍሉ ያቅተዋል?» አለች። አክስቴ ሄዳ ለመነቻቸው። እርሳቸውም ጥቂት አስበው «ትምጣ። መጽሐፍ ግን አትያዝ። እኔ የማስተምረው በብልቃጥ ነው» አሉ።

እኔም ደስ አለኝ። መጽሐፍ የሌለበት ጥናት ዕረፍት መሰለኝ።

የመጀመሪያው ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሣጥኗን ከፍተው እጃቸውን ሰደዱ፤ አንድ ብልቃጥ አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ።

«አንብቢ። ልፈትንሽ።»

እንዲህ የሚያህል ቃል አይቼ አላውቅም። ፊደሎቹ ገበያ እንደሚሄድ መኪና ተጨናንቀዋል። «ኦክስ… ኦክስይ…» ብዬ ቆምሁ።

«ሸንኮራ አገዳ ስትበይ ባንድ ጊዜ ትውጪዋለሽ?»

«አልውጥም፣ አባባ።»

«እና ምን ታረጊያለሽ?»

«አንጓው ላይ እሰብራለሁ።»

«ይኸንንም ስበሪው። የመጀመሪያዋ አንጓ ምን ትላለች? እየጠራሽ ንገሪኝ፣ ፊደሉ ሳይቀር።»

ፊደል በፊደል እየጠራሁ፣ እርሳቸው ዓይናቸውን ጣራው ላይ ተክለው እየሰሙ፣ ሰበርነው። ኦክ። ሲ። ቴት። ራ። ሳይክ። ሊን። ስድስት አንጓ። ከዚያ አንድ ላይ በይው አሉኝና ስለው ሳቁብኝ።

«ሁሉንም እኩል አልሽው። እንግሊዝኛ እኮ ሁሉን እኩል አይረግጥም። አምባሰልን በባቲ ቅኝት ብትዘፍኚው ሰው ምን ይልሻል?»

«ይስቅብኛል።»

«ይኸም ቅኝት አለው። አንዷን አንጓ ረገጥ አርገሽ፣ ሌሎቹን ቀለል አርገሽ ታልፊያቸዋለሽ።» ኦክ-ሲ-ቴት-ራ ብለው ቀስ ብለው መጡና «ሳይክ» ላይ ሲደርሱ በከዘራቸው መሬቱን ኳ አደረጉት፤ «ሊን» ደግሞ ልስልስ ብላ ተከተለች። ያ ረጅም ቃል ባንዴ ሰው ሰው ሸተተኝ።

ቀጥለው ትርጉሙን ነገሩኝ። በወጣትነታቸው ኮርስ ሲወስዱ አስተማሪያቸው እንዳስረዳቸው፣ ቴትራ ማለት አራት ነው፤ ሳይክሊን ደግሞ የቀለበት ነገር ነው። አራት ቀለበት። መድኃኒቱ ሲቀዳ ቀጭን ሻይ ይመስላል። ማታ እቤት ይዤው ሄጄ ቢሆን ኖሮ ከመብራት ሥር አራቱን ቀለበት ስፈልግ አነጋ ነበር። እዚያው በመስኮቱ ብርሃን አዘቅዝቄም ገልብጬም አየሁት። አንድም የለ። ዋጋው ውድ ስለሆነ ቀለበቶቹን ፋብሪካው አውጥቶ ይሸጣቸዋል ብዬ ደመደምሁ።

የመድኃኒቶቹን ቤተሰብ ነገር ያወቅሁት በሳምንቱ ነው። አልበንዳዞል አስነበቡኝ፤ ቀጥሎ ትራይክላቤንዳዞል። ሁለቱም ሲያልቁ «ዳዞል» ይላሉ። ሁለቱም የትል መድኃኒት ናቸው፤ የኋለኛው የጉበት ትል ነው የሚገድለው፤ ሐይቁ ዳር ረግረግ ላይ የሚግጡ ከብቶች ሁሉ ደንበኞቹ ናቸው።

«እንግዲህ አንቺ ዘምዘም ማን ነሽ?»

«ዘምዘም አሊ።»

«ወንድምሽስ?»

«ሰይድ አሊ።»

«መጨረሻችሁ አሊ ስለሆነ ያንድ አባት ልጅ መሆናችሁ ታወቀ። መድኃኒትም እንደዚሁ ነው። ዳዞል ካለ የትል ነው። ሳይክሊን ካለ፣ ሲሊን ካለ፣ ቁስልና ትኩሳት ነው። እነ ሶን ደግሞ አሉ፤ ዴክሳሜታሶን የሚባል። እብጠት ያበርዳል፣ ጎበዝ ነው። ግን ያረገዘች ላም ዘንድ እንዳይደርስ። ጽንስ ያስወርዳል። የስሙን መጨረሻ ሳታዪ መርፌ አይነሣም።»

ይኸን ለዘላለም ያዝሁት። ብቻ በኔ አእምሮ ዳዞል የሚባል አንድ ባለጠጋ ሽማግሌ ነበር፤ ጢሙ ወገቡ የሚደርስ፣ ልጆቹን ትል እንዲገድሉ ወደየአገሩ የላከ። አንድ ቀን «አባባ፣ አቶ ዳዞል በሕይወት አሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ።

ከብት ታሟል ተብለው ሲጠሩ ሣጥኗን ተሸክሜ አብሬያቸው እሄድ ጀመር። መንገዱም ትምህርት ቤት ሆነ። ለእያንዳንዱ አንጓ አንድ እርምጃ፤ በምትረገጠዋ አንጓ ላይ ከዘራው ኳ ይላል። ከደጃፋቸው እስከ ቦዩ ድረስ ሁለት ኦክሲቴትራሳይክሊንና አንድ አልበንዳዞል ነበር። አሥራ ስድስት እርምጃ መሆኑ ነው። እዚያ ሲደርሱ ቆም ይሉና እግራቸውን አንሥተው ይሻገራሉ። ከቦዩ እስከ መስጊዱ ጥግ አምስት ትራይክላቤንዳዞል። ከዚያ ባጃጅ መቆሚያው ድረስ ደግሞ፣ መንገዱ ጠጠር ስለሆነ፣ በአጫጭሩ ፔኒሲሊን። ዝናብ ቦዩን ያሰፋው ዕለት ቁጥሩ ሲሳሳትባቸው እንዴት እንደተናደዱ አስታውሳለሁ። እኔ ያኔ የሚናደዱት ለትምህርቱ ነው ብዬ ነበር።

ሲሄዱ እጃቸው ትከሻዬ ላይ ነው። እንዳልቸኩል ነው ብዬ አሰብሁ። ፈተናቸውም ማለቂያ አልነበረውም። «ልፈትንሽ፤ ያ የሚመጣው ማነው?» «ይማም ነው።» «ልፈትንሽ፤ ሰማዩ በየት በኩል ጠቁሯል?» «በአምባሰል በኩል።» አንዳንዴ ይሰለቸኝ ነበር። አስተማሪ ሲያረጅ መፈተኑን መተው ያቅተዋል ብዬ ለጓደኞቼ አማኋቸው።

ከብቱ ዘንድ ሲደርሱ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው በእጃቸው ነበር የሚመረምሩት። ጆሮዋን፣ አንገቷን፣ ሆዷን፣ ሸኮናዋን ሲዳብሱ ላሚቱ ራሷ ዝም ትላለች። ይኸ የትልቅ ሐኪም ወግ መሰለኝ። እኔም እቤት የአክስቴን ድመት ዓይኔን ጨፍኜ ስመረምር ቧጥጣኛለች።

በነሐሴ መጀመሪያ እኔ ሌላ ልጅ ሆኛለሁ። ረጅም ቃል ያለበትን ሁሉ አነባለሁ። እናቴ ከጅዳ የላከችው ሻምፑ ጀርባው ሞልቶ ነበር። እሱን ይዤ ጓሮውን እየዞርሁ፣ በእንጨት መሬቱን እየመታሁ፣ «ሶ-ዲ-የም» ስል አክስቴ ወጥታ አየችኝ።

«አዑዙ ቢላህ! ዘምዘም፣ ምንድነው የምትደግሚው?»

«የሻምፑውን አባት እየፈለግሁ ነው።»

የዚያን ጁምዓ ለእናቴ «ልጅሽን አባባ ሙሄ አሳበዷት» ስትላት ሰማሁ።

አንድ ነገር ብቻ ይቆጨኝ ነበር። አባባ ሙሄ ጎበዝ ብለውኝ አያውቁም። በትክክል ሳነብ «እሺ፣ ቀጥይ» ነው። መጀመሪያ አካባቢ አንጓ ስስት፣ «እሱ ቃል ቅኝት የለውም፤ ፊደሉን ንገሪኝ» ይሉኝ ነበር፤ ኋላ ግን መሳሳቴን ስለተውሁ መታረሙም ቀረ። ከሌላው ሰው ሁሉ ምስጋና አገኛለሁ፤ ከርሳቸው የለም። ቀስ በቀስ ነገሩ እልህ ሆነብኝ። እየሰሙኝም አይመስሉኝም። አንድ ቀን ሆን ብዬ እሳሳታለሁ፤ ያኔ ይይዙኛል፤ እኔም እስቃለሁ፤ ከዚያ ትክክሉን ስለው አንዴ እንኳ ማሻአላህ ይሉኛል። ዕቅዴ ይኸ ነበር። የልጅ ዕቅድ ነው።

ፍልሰታ የተፈታ ሰሞን እማማ ብርቄ ጠዋት መጡ። ወደ አርዲቦ በሚወስደው መንገድ ከፍ ብሎ ካለች መንደር የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ነጠላቸው ላይ ጭቃ ተረጫጭቷል።

«ዶክተር፣ ላሜ ቦራ አልነሣ አለችኝ። እግሯ አብጧል፣ እሳት ሆናለች። መስከረም ላይ ትወልዳለች ብዬ… አንድ እሷን ነው ያለኝ፣ ያውቃሉ።»

«አብሽሪ፣ ብርቄ። ኸይር ነው» አሉ። ወዲያው ሣጥኗን አንሥቼ በባጃጅ ወጣን፤ የቀረውን በእግር ሄድን።

ቦራ በረት ውስጥ ተጋድማለች። ግንባሯ ላይ ያለው ነጭ ምልክት በጭቃ ተሸፍኗል። ሁለት ጎረቤቶች ያዟት። አባባ ሙሄ ተንበርክከው ዓይናቸውን ጨፍነው ዳበሷት። ሸኮናዋ መሐል የገባ ስንጥር በጣታቸው አገኙና አወጡ፤ ቁስሉን በአዮዲን አጠቡ። ከዚያ መዳፋቸውን ጎኗ ላይ አሳርፈው ቆዩ። ፊታቸው በራ።

«ብርቄ፣ ጥጃሽ ይራገጣል። ደህና ነው።»

እማማ ብርቄ «እሰይ የኔ እመቤት!» ብለው ደረታቸውን ያዙ።

«ትኩሳቱን የሚያበርድ መርፌ እወጋታለሁ። ዘምዘም፣ ኦክሲቴትራሳይክሊኗን ስጪኝ። አንብቢና፤ ልፈትንሽ።»

ሣጥኗ ውስጥ እኩል የሆኑ ሁለት ብልቃጦች ነበሩ። ሁለቱንም አነበብኋቸው፣ በሆዴ። አንዱ ኦክሲቴትራሳይክሊን ነው። ሌላው ዴክሳሜታሶን ነው። እጄ ሁለተኛውን አነሣ። ምን እንደሚያደርግ አላውቅም ብል እዋሻለሁ፤ አውቅ ነበር። ግን አባባ ሙሄ ዶክተር ናቸው፤ ብልቃጡን እንዳዩት «አንቺ ልጅ!» ይሉኛል፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ በጣም አሳምሬ፣ «ሳይክ» ላይ ረገጥ አርጌ አነበብሁ።

«ኦክ-ሲ-ቴት-ራ-ሳይክ-ሊን።»

ብልቃጡን ተቀበሉኝ። ሣቄን አፍኜ ጠበቅሁ።

«ማሻአላህ!» አሉ አባባ ሙሄ። «ሰማሽ ብርቄ? ማሻአላህ!»

መርፌውን በላስቲኩ ላይ ሰክተው ቀዱ። እንደ ልማዳቸው ስሪንጁን ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረጉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይኸው፣ ቀጭን ሻይ መስላለች።»

ስሪንጁ ውስጥ ያለው እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነበር። ዓይናቸውን አየሁ። ስሪንጁን አልነበረም የሚያዩት፤ ከስሪንጁ አለፍ ብሎ ያለውን የበረቱን ግድግዳ ነበር። ያን ጊዜ ከዘራው፣ እርምጃው፣ ትከሻዬ ላይ ያለው እጅ፣ «ያ የሚመጣው ማነው» የሚለው ሁሉ ባንዴ መጣብኝ። አባባ ሙሄ በግራ እጃቸው የቦራን አንገት ዳብሰው ቦታውን አገኙ።

«አባባ!» ብዬ ጮህሁ። «ተሳሳትሁ! አይውጉ፤ እንደገና ላንብብ!»

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። እማማ ብርቄም ጎረቤቶቹም ወደኔ ዞሩ። እኔ ብልቃጡን አንሥቼ፣ እንባዬ ፊደሉን እያደበዘዘብኝ፣ አነበብሁ።

«ዴክ-ሳ-ሜ-ታ-ሶን።»

አባባ ሙሄ በስሪንጁ ያለውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አፈሰሱት።

«አዲስ ስሪንጅ ስጪኝ» አሉ። «ሌላኛውን ብልቃጥ አንብቢልኝ፤ ፊደል በፊደል።»

ፊደል በፊደል ጠራሁላቸው። ቀለሙንም ሳይጠይቁኝ ነገርኋቸው። ወጓት።

ስንመለስ ቃል አልቆጠርንም። እጃቸው ትከሻዬ ላይ ከበፊቱ ከበድ ብሎ ነበር። ቤታቸው አጠገብ ያለው ቦይ ዘንድ ስንደርስ ቆሙ።

«ዘምዘም።»

«አቤት፣ አባባ።»

«ሆን ብለሽ ነው?»

መዋሸት አልቻልሁም። «አዎ» ብዬ ማልቀስ ጀመርሁ። «ይይዙኛል ብዬ… ሁልጊዜ ስለሚፈትኑኝ… እንደማያዩ አላወቅሁም…»

«ልጄ፣ እኔ እኮ ፈትኜሽ አላውቅም» አሉ።

ይኸን ሲሉ ድምፃቸው የተናደደ ሰው ድምፅ አልነበረም። እኔን ያስለቀሰኝም ይኸው ነው። ቦዩ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀመጥኋቸው። መጀመሪያ የጠፋባቸው ደቃቁ ጽሕፈት ነበር፤ ቀጥሎ የሰው ፊት፤ ከዚያ ቀለም። አሁን ጥላ ጥላው ብቻ እንደሚታያቸው ነገሩኝ። ሩቅያ አታውቅም፤ ማንም አያውቅም። አክስቴ ልጅቱን ያስጠኑልኝ ብላ ስትመጣ አላህ ዓይን ላከልኝ ብለው እንደነበር አልደበቁኝም።

«ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ላሙን ለዕውር ይሰጣል ብዬ ነዋ። ስሜን ስሳሳለት ዛሬ ያችን ሚስኪን ሴት ላሳጣት ነበር። ያንቺ ቀልድ የልጅ ነው። የኔ ውሸት ግን የትልቅ ሰው ነው።» ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙና «ሣጥኗን ለሩቅያ እሰጣታለሁ። ብርጭቆ ታስቀምጥባት» አሉ።

«እኔ አነባለሁ፤ እውነቱን ብቻ። ወላሂ።»

ፊታቸውን ወደ ቦዩ አዞሩ። እኔም ሌላ የማውቀው ማባበያ ስላልነበረኝ ተነሥቼ «ኦክ» አልሁ። «ኦክ» አልሁ ደግሜ። ቆይተው ከዘራቸውን አነሡ። «ሲ» አሉ። እንዲያ እያልን ከቦዩ እስከ ደጃፋቸው ድረስ ቆጠርነው።

በማግሥቱ ያደረጉትን አልረሳውም። ነጭ ኮፍያቸውን አጥልቀው፣ እኔን ይዘው፣ ያለ ሣጥን እማማ ብርቄ ዘንድ ወጡና ሁሉንም ተናገሩ። ዓይናቸውን፣ ብልቃጡን፣ ጥጃው ለጥቂት መትረፉን። እኔ መሬቱን እያየሁ ቆምሁ። ቦራ ከበረቱ ወጥታ በሦስት እግሯ ቆማ ሣር ትበላ ነበር።

እማማ ብርቄ ሁለታችንንም ተመለከቱን። ተቆጥተዋል፤ ያስታውቃል።

«ትናንት ነግረውኝ ቢሆን ደግ ነበር፣ ዶክተር» አሉ።

«ልክ ነሽ።»

«ስንጥሩን ያገኘው ግን ዓይንዎ አይደለም፤ እጅዎ ነው። ዓይኑ ልጅቷ አላት።» ከዚያ ወደኔ ዞረው ጣታቸውን ቀሰሩብኝ፤ «አንቺ ደግሞ ሁለተኛ በላሜ ቀልደሽ!»

ወሬው መንደሩን ዞረ። አንዳንዱ መጥራቱን ተወ፤ አልፈርድበትም። የቀረው ግን እያወቀ ይጠራቸው ጀመር፤ «ዶክተርንና ዓይናቸውን ጥሩልኝ» እያለ። ክረምቱ ሲወጣ አክስቴ ደሴ ሐኪም ዘንድ ልትወስዳቸው ቀጠሮ ያዘች። አባባ ሙሄ ቀለል ብሏቸው ነበር። ቦዩን ሲሻገሩ እጄን በግልጽ ይይዙኛል፤ የሚመጣውን ሰው ማንነት ራሱን ሰውየውን ይጠይቁታል።

መስከረም አጋማሽ ላይ ቦራ ወለደች። እማማ ብርቄ የመጀመሪያውን ወተት፣ እንገሩን፣ ክዳን ባለው ዕቃ ይዘውልን ወረዱ። ጥጃዋ ሴት ናት አሉ፤ ስም ወጥቶላታል።

«ማን አልሻት?» አሉ አባባ ሙሄ።

«ሳይክሊን።»

አባባ ሙሄ ከዘራቸውን መሬት ላይ መትተው እስኪያስላቸው ሳቁ። ወላሂ፣ እማማ ብርቄ ረገጥ ያደረጉት የሚረገጠውን አንጓ ነበር።

ያን ዕለት አዲስ የመጣ መድኃኒት ነበር። እንገሩን በልተን ስንጨርስ አባባ ሙሄ ገና ብርጭቆ ካልገባባት ሣጥን ብልቃጡን አወጡና እንደ መጀመሪያው ቀን መዳፌ ላይ አኖሩት። «ልፈትንሽ» አላሉኝም። ከዚያች የቦይ ዳር ቀን ወዲህ ብለውኝ አያውቁም።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

እኔም ወደ መስኮቱ ጠጋ ብዬ፣ የተጻፈውን አነበብሁላቸው።